ገመዱን የቆረጥኩት እኔ ነኝ

ካለፈው ዓመት ወዲህ ይህን ነገር ጭሮ ላይ ሁለት ጊዜ፣ በደሳ ገበያ አንድ ጊዜ፣ ቦርደዴ መኪና ማቆሚያው ጋ ደግሞ አንድ ጊዜ ቆሜ ተናግሬዋለሁ። ጭሮ መጀመሪያ የተናገርኩት ኳስ ማሳያ ቤት ውስጥ፣ በእረፍት ሰዓት ነው። ግማሹ ሰው ወጥቶ ነበር፤ የቀረው ደግሞ «ተቀመጥ አቦ፣ ስክሪኑን ጋረድከን» አለኝ። አልተቀመጥኩም። ቦርደዴ ላይ አንድ ጫት ጫኝ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ከሰማኝ በኋላ «ለመሆኑ ማን ነው የላከህ?» ብሎ ጠየቀኝ። ማንም አልላከኝም። አሁን ደግሞ ወረቀት ላይ ላሰፍረው ተቀምጫለሁ። ግትር ነው የሚሉኝ ይበሉ፤ ግትርነቴ አንድ ቀን እንኳ ለቁም ነገር ይዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእኛ አገር በጣልያን ጊዜ የተዋጋ አንድ ጀግና ነበረ። ሽማግሌዎች በገራርሳ፣ በጀግና ዘፈን ማለት ነው፣ ስሙን ሲያነሡ የጓደኛውን ስም ሳያስከትሉ አያልፉም ነበር፤ ሁለቱ እንደ ተጠመዱ በሬዎች አብረው ነበር የሚጠሩት። ዛሬ ግን ከጭሮ እስከ መቻራ ያገኛችሁትን ሰው ብትጠይቁ፣ ጀግናው የሞተው ጓደኛው ስለከዳው ነው ይላችኋል። ውሸት ነው። ጓደኛው አልከዳውም። ከዳው ብዬ በማይክ ያወጅኩት እኔ ነኝ። የሁለቱንም ስም እዚህ አልጽፍም፤ በእኔ አፍ የደረሰባቸው ይበቃቸዋል።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር የቪዲዮ ቤት ተርጓሚ ሆንኩ። የዛሬ ወጣት ይህን ሥራ አያውቀው ይሆናል። ያኔ ፊልም የሚመጣው በካሴት ነበር፤ ቋንቋው የሕንድ ይሁን የቻይና ማንም ግድ አልነበረውም። ተርጓሚው ከቴሌቪዥኑ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ማይክ ይይዝና የሚሆነውን ሁሉ በኦሮምኛ ይናገራል፤ ኦሮምኛ ላልያዙት ነጋዴዎች ደግሞ በአማርኛ ይደግመዋል። ተርጓሚ መባሌ ለክብር ነው እንጂ እኔ ሕንድኛም ቻይንኛም አላውቅም። የምተረጉመው የሰዎቹን ፊት ነበር። ሰውየው ከተቆጣ ቁጣውን፣ ሴትየዋ ካለቀሰች ለቅሶዋን፣ ምክንያቱን ከራሴ እየፈጠርኩ እናገራለሁ።

አንድ ሌላ ልማድም ነበረን። ተመልካች የባዕድ ስም አይዝም። ስለዚህ ለፊልሙ ሰዎች የአገራችንን ስም እንሰጣቸው ነበር። ክፉው ወፍራም ሰውዬ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠራው በሰፈሩ በታወቀ ንፉግ ባለ ሱቅ ስም ነበር፤ ባለ ሱቁ ራሱ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ከሁሉም በላይ ይስቃል። ማንም ተቀይሞ አያውቅም። ጨዋታ እንደሆነ ሁሉም ያውቅ ነበር።

ድምፄ ግን ጨዋታ አልነበረም። ያን ጊዜ በሬዲዮ አንድ ጋዜጠኛ ነበረ፤ አገሩ በሙሉ መልኩን ሳያይ በድምፁ ብቻ የሚያውቀው። እሱ ዜና ሲያነብ አባቴ ጉርሻውን በእጁ እንደያዘ ይቆይ ነበር። እኔም ጋዜጠኛ መሆን አምሮኝ መንገዱን ስላጣሁት የሰውየውን ድምፅ ወሰድኩ። ቃል እንዴት እንደሚያስረግጥ፣ ክፉ ዜና ከመናገሩ በፊት እንዴት ትንሽ ዝም እንደሚል አጥንቼ ነበር። በኦሮምኛ እንኳ ስተረጉም በእሱ አነጋገር ነበር። ጓደኞቼ ያሾፉብኛል፤ አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ግን ያ ድምፅ ሲዋሽ ሰምቶ አያውቅም።

ያ ፊልም የመጣው በገበያ ቀን፣ ቀትር ላይ ነው። ደንቡ ተርጓሚው ካሴቱን አስቀድሞ ለብቻው እንዲያይ ነበር። ነገር ግን ካሴቱን ያመጣው መኪና ከድሬዳዋ ሲመጣ ዘግይቶ ሰው ወንበር ይዞ ይጠብቃል። የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት አንዲት ምላሷ የተሳለ የስልጤ ነጋዴ ነበረች። «ምን ታስባለህ፣ እያየህ ንገራቸው» አለችኝ። እንዲህ አድርጌ አላውቅም ልላት አልቻልኩም፤ ብዙ ጊዜ አድርጌዋለሁ።

ፊልሙ የሰይፍ ፊልም ነበር፤ በዚያ ዘመን ድሬዳዋንም ሐረርንም ያጥለቀለቀ። ገና ሲጀምር አንድ ጸጉሩ የረዘመ ፈረሰኛ ጭጋግ ከለበሰ ተራራ እየወረደ መጣ። ተራራው ከጭሮ በላይ ያለውን ተራራ ይመስላል። ከኋላ አንዱ «ይሄ ማን ነው?» አለ። ሳላስብ የኛን ጀግና ስም ጠራሁ። አዳራሹ በጭብጨባና በፉጨት ተናጋ። እስከዚያ ቀን ድረስ ጀግናችንን በፊልም ያየው ሰው አልነበረማ። ወዲያው ሌላ ፈረሰኛ ተከትሎት ብቅ አለ። «ጓደኛውስ?» አሉኝ። ሌላ ማን ሊሆን ነው? የጓደኛውን ስም ጠራሁ። ለአንድ ሰዓት ያህል ሁለቱ አብረው በሉ፣ አብረው ቆሰሉ፣ እኔም በተዋስኩት ድምፅ ጣልያንን ከቦርደዴ በረሃ እስከ ጭሮ ዳገት አሳደድኩት። ጠላቶቹ ጣልያን አይመስሉም ነበር፤ ይህንን ግን የጠየቀኝ የለም።

ከዚያ ጀግናው በገመድ ከተሠራ ድልድይ ላይ ወጣ። ከሥሩ ገደል ነው። ጓደኛው ማዶ ቆሞ ሰይፉን መዘዘ። ሊያግዘው ነው ብዬ ተናገርኩ። ሰውየው ገመዱን ቆረጠው።

አዳራሹ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ያን ጊዜ «ይቅርታ፣ ይሄ ሌላ ሰው ነው» ማለት እችል ነበር። ወይም ዝም ማለት። እኔ ግን ጋዜጠኛው ክፉ ዜና ከመናገሩ በፊት የሚላትን ያህል ዝም ካልኩ በኋላ ማይኩን አስጠግቼ «ገመዱን ሲቆርጥ እጁ አልተንቀጠቀጠም። የጠላት ወርቅ ከወንድሙ ደም በለጠበት» አልኩ። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፤ ያማረ አነጋገር ነበር። ሰው አለቀሰ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። እኔ ግን ሲያመልጠኝ በደንብ ታውቆኛል። ሰው እያለቀሰልኝ ስለሆነ ነው የተውኩት።

ፊልሙ ለብዙ ሳምንት ታየ። ሰው ሦስቴ አራቴ እየተመላለሰ ያየው ነበር፤ አንድ ቃል ብለውጥ ከአግዳሚው ላይ ያርሙኛል። አንድ ቀን ለባለቤትየዋ «የጓደኛውን ስም ልቀይረው መሰለኝ፣ ሰውየው በእውነት የነበረ ሰው ነው» አልኳት። «ሰው የወደደውን አትንካ» አለችኝ፤ እኔም ይህን መልስ ፈልጌ ነበር የጠየቅኳት። ከዚያ ቴሌቪዥኑን፣ ዴኩንና ጄኔሬተሩን ጭነን በየገበያ ቀኑ በደሳ፣ አልፎም መቻራ ድረስ ሄድን። መቻራ የጓደኛው አገር እንደሆነ አውቃለሁ። የጣልያን ጊዜ ሰው ሁሉ የሞተ ይመስለኝ ስለነበር ከዚያ በላይ አልጠየቅኩም።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ዓመት ሳይሞላ «ገመድ ቆራጭ» የሚል ስድብ በየበርጫው መሰማት ጀመረ። ቀጠሮ ያፈረሰ ገመድ ቆራጭ ነው፣ ሸሪኩን ያታለለ ገመድ ቆራጭ ነው። መጀመሪያ ስሰማው፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ደስ ይለኝ ነበር፤ ይህን ቃል የወለድኩት እኔ ነኝ እያልኩ ጫቴን እየቀነጠስኩ ፈገግ እላለሁ። ኋላ ወጣት ዘፋኞች ገራርሳው ላይ ስለ ገመዱ ስንኝ ጨመሩበት። በአገራችን የገመድ ድልድይ ኖሮ አያውቅም። ቢሆንም ሰው ቦታውን ያሳያል፤ አንዱ ከቦርደዴ በላይ ያለውን ሸለቆ፣ ሌላው ከበደሳ በታች ያለውን። ሁለቱም እርግጠኞች ናቸው።

ደስታዬ ያበቃው መቻራ ላይ ነው። ቪዲዮ ቤቱ ተዘግቶ፣ እኔም ጭሮ ላይ የስልክ መጠገኛ ሱቅ ከፍቼ ነበር። መቻራ ያለ አንድ ዘመዴ በመሬት ወሰን ከጎረቤቱ ተጣልቶ ሽማግሌ ሊያስታርቃቸው ተቀምጦ ነበር፤ ጃርሱማ ይሉታል። እኔም ከጎኑ ልቆም ሄድኩ። ከሽማግሌዎቹ መካከል አንድ ቀጭን፣ ንግግራቸው የተመጠነ ሀጂ ነበሩ። ጎረቤት ለጎረቤቱ አማና ነው፣ አደራ ነው፣ እያሉ ሲናገሩ ሁለቱም ባለ ጉዳዮች አንገታቸውን ደፍተው ያዳምጣሉ። ነገሩ ሊያልቅ ተቃርቦ ነበር። ድንገት ከዳር የተቀመጠ አንድ ጎረምሳ፣ ድምፁን እንኳ ከፍ ሳያደርግ፣ «የገመድ ቆራጭ ልጅ ስለ አደራ ያስተምረን ጀመር» አለ።

የሳቀ ሰው አልነበረም። የተቆጣውም ሰው አልነበረም፤ ሁሉም መሬት መሬቱን አየ። ሀጂ የጀመሩትን ሳይጨርሱ ከዘራቸውን አነሡ፤ «አላህ ያስታርቃችሁ» ብለው ሄዱ። ዘመዴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «የዚያ የከዳው ሰውዬ ልጅ እኮ ናቸው፣ አታውቅም እንዴ?» አለኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ሀጂ ለሽምግልና ተቀምጠው እንደማያውቁ ኋላ ሰማሁ። ያን ቀን ተነሥቼ መናገር ነበረብኝ። አልተነሣሁም፤ አፈርኩ። ለዓመታት እንዳፈርኩ ኖርኩ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእኔ ግን እያደር ከበደ። ሌሊት ሌሊት የማስበው ነገር ቢኖር የሀጂን ፊት ነው። ቁጣ አልነበረበትም። ያ ነው የሚያንገበግበኝ፤ የተሰደበ ሰው ፊት ሳይሆን ጥፋቱን የሚያውቅ ሰው ፊት ነበር።

ባለፈው ዓመት ጋዜጠኛው መጣ። ያው የሬዲዮው ጋዜጠኛ፤ አሁን ወደ ቴሌቪዥን ተዛውሮ ስለተረሱ ጀግኖች ፕሮግራም ያዘጋጃል። ኦሮምኛና አማርኛ እኩል የሚችል ሰው ሲያፈላልግ የጭሮ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ላከው። ሱቄ በር ላይ ቆሞ «ወንድሜ፣ አስተርጓሚ ፈልጌ ነበር» ሲል በእጄ የነበረው መፍቻ ወደቀ። በአካል አጭር፣ ጸጉሩ የሸሸ ሰው ነው፤ ድምፁ ግን ያው ነው። ሰላም ካልኩት በኋላ «ደህና ድምፅ አለህ፣ የት ተማርክ?» አለኝ። የማይሆን ነገር መለስኩለትና ዕቃዬን ሰብስቤ ተከተልኩት። ስለ ማን ሊሠራ እንደመጣ የነገረኝ መኪና ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው።

ቦርደዴና ጭሮ ላይ ሰው አነጋገርን። በማግሥቱ በደሳ ላይ አንድ የቡና ነጋዴ አዛውንት፣ ሱቃቸው በረንዳ ላይ ተቀምጠው፣ ካሜራውን እያዩ ሁሉንም ተረኩት። ገመዱ ጋ ሲደርሱ ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ በኦሮምኛ «ገመዱን ሲቆርጥ እጁ አልተንቀጠቀጠም» አሉ። ዝምታዋ እንኳ የእኔ ነበረች። ጋዜጠኛው ዞሮ አየኝ፤ መተርጎም ነበረብኝ። ተረጎምኩት። የራሴን ዓረፍተ ነገር ከሃያ ዓመት በኋላ፣ አንድ ቃል ሳይወድቅበት፣ ለባለቤቱ ድምፅ መልሼ አስረከብኩ። የጋዜጠኛው ዓይን በራ። «የፕሮግራማችን መክፈቻ ይሄ ነው» አለ።

ወደ መቻራ ስንጓዝ ዕቅዱን ነገረኝ። የከዳተኛውን ልጅ አግኝቶ ምንም ሳይጠይቅ፣ የአዛውንቱን ቃል በስልኩ ሊያሰማቸው፣ ሲሰሙ ፊታቸውን ብቻ ሊቀርጽ ነው። «ፊት ከቃል በላይ ይናገራል» አለ። የትኛው ፊት እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። መንገዱ ኮረኮንች ነው።

«ያቁሙልኝ» አልኩ። የታመምኩ መስሎት አስቆመልኝ። መኪናው ውስጥ እንደተቀመጥን ሁሉንም ነገርኩት፤ ካሴቱን፣ ማይኩን፣ ስሞቹን። መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ «ወንድሜ፣ እኔ በሦስት ከተማ ሦስት የተለያየ ምንጭ አለኝ» አለ።

«ሦስቱም እኔ ነኝ» አልኩት።

«አንድ አገር ሙሉ የሚተርከውን ታሪክ ብቻዬን ፈጠርኩት ነው የምትለው? ይሄ እኮ ሌላ ጉራ ነው።»

ተናደድኩ። ይህ ሰው አንድ ቀን ቢሰማኝ ብዬ ልጅነቴን በሙሉ ተመኝቻለሁ፤ አሁን ሰምቶኝ ጉረኛ አለኝ። «ደብተርዎን ያውጡ» አልኩት። «መቻራ ላይ የሚያገኙትን ማንኛውንም ሰው፣ እርስዎ ራስዎ መርጠው፣ ስለ ገመዱ ይጠይቁት። የሚልዎትን አሁን እነግርዎታለሁ፤ ይጻፉት።» እሱም እንደ ቀልድ ብዕሩን አወጣ። እኔም ከዓይኖቼ ፊት ያ ፊልም እየሮጠ፣ ከገመዱ እስከ ገደሉ ያለውን ነገርኩት። መሐል ላይ ብዕሩን አቆመና ቀና አለ።

«ይሄ የማን ድምፅ ነው?»

«የእርስዎ ነው» አልኩት። «ለዚያ ነው ያመኑኝ።»

ከዚያ በኋላ ሳይሳለቅ ጻፈ።

መቻራ ከተማ ውስጥ እሱ የመረጣት አንዲት ጎልማሳ ቡና ሰብሳቢ ነበረች፤ ሸራ ላይ የተሰጣ ቡና በእጇ እያገላበጠች ነበር። ሥራዋን ሳታቋርጥ ተረከችለት። እኔ እተረጉማለሁ፣ የእሱ ብዕር ደብተሩ ላይ ከመስመር መስመር ትወርዳለች። እጁ አለመንቀጥቀጡን ተናገረች። ወርቁንም ተናገረች። ሦስተኛው መስመር ላይ፣ «ገደሉ እንኳ አዝኖለት ሲያስተጋባ ዋለ» ስትል፣ ብዕሩን ኪሱ ከተተ።

«ይህን ከማን ሰማሽ?» አላት።

ሴትየዋ ጥያቄው ገረማት። «ምን መስማት አለ? አይቼው ነው እንጂ» አለች። «እዚሁ ገበያው ላይ። በቴሌቪዥን።»

ጋዜጠኛው ደብተሩን አጠፈ። ቀጥሎ «ካሜራ ፊት ትደግመዋለህ? አገር በሙሉ ነው የሚያይህ፤ ሱቅ አለህ፣ ልጆች አሉህ» አለኝ። እደግመዋለሁ አልኩት። ሀጂ ፊት ካልሆነ ግን አልናገርም አልኩ። መጀመሪያ የሚሰሙት እሳቸው ናቸው፣ ካሜራውም አገሩም ከእሳቸው በኋላ። ለመከራከር ሞከረ፤ እኔ ግን የዚያን ቀን በቅሎም አይነቀንቀኝም ነበር።

የሀጂ ቤት ከከተማው ወጣ ብሎ ከቡና ዛፎች መሐል ነው። አርጅተዋል። በር ላይ ተቀበሉን፤ ለጋዜጠኛው በአማርኛ «ድምፅህን እናውቃለን፣ ግባ፣ አንተ የኛ እንግዳ ነህ» አሉት። ምንጣፍ ላይ ተቀመጥን። ሻይ መጣ። አልቀመስኩትም። ካሜራው ሲበራ በኦሮምኛ ጀመርኩ። ያን ድምፅ አልተጠቀምኩበትም። የገዛ ድምፄ ቀጭን ሆኖ ነው የወጣው፤ ለብዙ ዓመት ስላልሠራሁበት ይሆናል። አንድም ነገር አላስቀረሁም። ባለቤትየዋን እንደጠየቅኩና እሺ እንዳትለኝ እንደፈለግኩ ጭምር ተናገርኩ። ያን ቀን ጃርሱማው ላይ ከዳር ተቀምጬ እንደነበርኩም ነገርኳቸው።

ሀጂ ዓይናቸውን ከእጃቸው ላይ ሳያነሡ ሰሙኝ። ስጨርስ «ገመዱስ?» አሉ።

«ገመድ አልነበረም ሀጂ። የባዕድ አገር ፊልም ነው።»

«የአባቴን ስም ማን ነገረህ?»

«ከገራርሳው ነው። ከጀግናው ጋር አብረው ይጠሩ ስለነበር።»

«አብረው ይጠሩ ስለነበር» ብለው ደገሙት። ርግማን እየጠበቅኩ ነበር። ቢረግሙኝም ልቀበል፣ ከቤቴ ውጣ ቢሉኝ በር ላይ ቆሜ ልጠብቅ ወስኜ ነበር የመጣሁት። እሳቸው ግን መስጊድ ውስጥ እንዳለ ሰው ቀስ ብለው መናገር ጀመሩ።

«ያኔ አባቴ በሕይወት ነበር። እዚህ አንተ የተቀመጥክበት ነበር የሚውለው። ልጆቼ ከገበያ መጡና በር ላይ ቆመው ያዩት ጀመር። አያታቸውን፣ ‹ገመዱን ለምን ቆረጥከው?› አሉት። አልገባውም። ደጋግመው ነገሩት። ሲገባው እኔን ጠራኝ። ‹ልጄ፣ እኔ ገመድ አልቆረጥኩም፤ ገመድም አልነበረም። ጓደኛዬ ቦርደዴ በረሃ ላይ ቆስሎ ሁለት ቀን ተሸክሜዋለሁ። ጀርባዬ ላይ ሆኖ ነው የሞተው። የቀበርኩት እኔ ነኝ› አለኝ።»

ተረጎምኩት። ጋዜጠኛው አንገቱን ደፋ።

«እኔ ምን እንዳልኩት ታውቃለህ?» አሉኝ ሀጂ። አሁን ቀና ብለው እያዩኝ ነበር። «‹አባ፣ ሰው እኮ በዓይኑ አይቶታል› አልኩት። ከዚያ በኋላ ስለ ጓደኛው አንድ ቃል ተናግሮ አያውቅም። በዚያው ዓመት ሞተ። ስለዚህ አንተን ብቻ ምን እልሃለሁ።»

ይህን አልተረጎምኩትም። አልቻልኩም፤ እያለቀስኩ ነበር። ጋዜጠኛው ኦሮምኛ አያውቅም፤ ቢሆንም ለካሜራ ባለሙያው በእጁ ምልክት ሰጠውና ካሜራው ወረደ።

ሀጂ ከዘራቸውን ፈልገው ተነሡ። «ተነሥ» አሉኝ።

«ወዴት ሀጂ?»

«አባቴ ጋ። ለእኔ ብትነግረኝ እኔን ምን ይጠቅመኛል? መስማት ያለበት እሱ ነው።»

ጋዜጠኛውም ሊከተለን ተነሣ። ሀጂ በአማርኛ «አንተ ሻይህን ጠጣ። ይሄ የኛ ነው» አሉት። ተመልሶ ተቀመጠ።

መቃብሩ ከቡናው ጀርባ፣ ዳገቱ ላይ ነው፤ ዙሪያውን ድንጋይ ተደርድሮበታል፤ በላዩ ሣር በቅሏል። ለሙታን ሰላምታ ሰጠን፣ ፋቲሃ ቀራን። ከዚያ ሀጂ ወደ ጎን ፈቀቅ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። ሰው መቃብር ላይ እንደሚያደርገው ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ማን እንደሆንኩና ምን እንዳደረግኩ ማንሾካሾክ ጀመርኩ። ሀጂ ክንዴን ነካ አደረጉኝ።

«ከፍ አድርገህ ተናገር» አሉኝ። «አባቴ ጆሮው ይከብደው ነበር።»

ድምፄን ከፍ አድርጌ ከመጀመሪያው ጀመርኩለት።